ፍራሽ አዳሿና ሦስተኛው ዙር

ሰው ፍራሹን ሲያሳድስ ገመናውን አሳልፎ እየሰጠ መሆኑን አያስብም። ፍራሽ አዳሿ የሰፈሩን ጉድ የምታውቀው ከወሬ አይደለም፣ ከፍራሽ ነው። ልብሱን ተርትራ የተጓጎለውን ጥጥ ስታወጣ የትኛው ወገን እንደጎደጎደ ታያለች። ባልና ሚስት ተኳርፈው ጀርባ ለጀርባ የሚተኙ ከሆነ መሃሉ ጉብታ ሠርቶ ይቀራል። ታማሚ ያለበት ቤት ፍራሹ በአንድ ጎን ብቻ ያልቃል። ልጅ የሚሸናበትማ አይጠየቅም፣ አፍንጫ አለ። ታዲያ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ጎረቤቷ ባለሱቋ፣ "እስቲ የዚያች ኩሩ ሴትዮ ፍራሽ ምን ይመስላል?" ብላ ብትነዘንዛት፣ "ጥጥ ይመስላል" ብላ አፏን አስያዘቻት።

የምትሠራው ከግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ነው። ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች፣ አንድ ሰፊ ሳንቃ፣ ረጅም መርፌና ወፍራም ክር፤ ንብረቷ ይኸው ነው። ጥጡን ሳንቃው ላይ ዘርግታ በዘንጎቹ ስትመታው ብናኙ ግቢውን ይሞላዋል፤ ጠጉሯም ቅንድቧም ነጭ ይሆናል። "ዛሬም አርጅተሽ ዋልሽ?" ይሏታል የግቢው ሰዎች። "የኔን እርጅና ውሃ ያስለቅቀዋል፤ ለራሳችሁ እዘኑ" ትላቸዋለች። አፍ አላት፣ ምን ይደረግ።

የሰፈሩን ፍራሽ ሁሉ ያደሰች ሴት ግን የገዛ ፍራሿን ነክታው አታውቅም። ልብሱ ሳስቷል፣ ጥጡ ድንጋይ ሆኗል። "ለኛ እንቅልፍ ሸጠሽ አንቺ በምን ላይ ነው የምትተኚው?" እያሉ ይስቁባታል። እሷም፣ "ይደርሳል፣ ምን ያጣድፋል" ትላለች። እውነቱ ሌላ ነው። ከፍራሹ በግድግዳው በኩል ባሏ ይተኛበት የነበረው ጉድጓድ አለ። ትከሻው ያረፈበት ሰፋ ብሎ፣ ወገቡ ጋ ጠበብ ብሎ፣ ከታች ደግሞ የተረከዙ ሁለት ስርጉዶች። እሱ ከሄደ ወዲህ በዚያ ወገን ጋደም ብላ አታውቅም። አንሶላ ስትቀይር እንኳ በዚያ በኩል እጇ ቀስ ይላል። ያንን ጥጥ ማውጣትና መምታት ለሷ ሰውየውን ከቤት ማስወጣት ነው።

ባሏ ሹፌር ነበር። እዚህ ሥራ ሲጠፋ፣ ሩቅ ቦታ መንገድ ይሠራል ተብሎ ገልባጭ መኪና ሊነዳ ሄደ። "ዓመት አልቆይም" ብሎ ነው የሄደው። መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ከእናቱ ጋር ረጅም፣ ከሚስቱ ጋር አጭር፣ ምክንያቱም እናቱ ስልኩን ከጆሯቸው አይነቅሉትም። ከዚያ መደወሉ እየራቀ ሄደ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ አገር የመጣ አንድ ሰው፣ "ተራራ ተንዶ ሠራተኛውን ጨረሰው" አለ። ሌላው ደግሞ፣ "የለም የለም፣ ከዚያ በኋላ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፣ ሻይ ጋብዞኛል" ብሎ ማለ። የቱን ይመኑ? አሠሪዎቹ እንደሆኑ መንገዱን ጨርሰው ድንኳናቸውን ነቅለው ሄደዋል። ሞቷል እንዳይባል ሬሳ የለ፣ አለ እንዳይባል ድምፅ የለ። እንዲህ ያለ ነገር ለጠላትም አይስጥ።

ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል፣ እሷም እማማ ትላቸዋለች። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወስዶታል፤ ነፍሳቸውን የያዘው በየቀኑ የሚወጉት መርፌ ነው። ከአልጋ ወደ በሩ ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ አልጋ፤ መንገዳቸው ይኸው ነው። ቁልፎቹ የተላጡ አሮጌ ስልክ አላቸው፣ ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠውት ይውላሉ፣ ይዘውት ይተኛሉ። በቤቱ ሌላ ስልክ የለም። "ልጄ በቃሉ የሚያውቀው ይህንን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ እንዳይነካ!" ይላሉ። አይነካም። ዳቦ ቢጎድል ይጎድላል እንጂ ቁጥሩ እንዳይዘጋ ካርድ ይሞላል። ስልኩ የጮኸ እንደሆነ ማን ይሁን ማን፣ እማማ የሚመልሱት በአንድ ቃል ነው፦ "የኔ ጌታ?"

አማትና ምራት አንድ ጣራ ሥር ሲባል ሰው ጠብ ፍለጋ ጆሮውን ይቀስራል። በነዚህ ግን ብዙ የሚሰማው ሳቅ ነበር። አንድ ጊዜ እማማ፣ "አንቺ እኮ ምራቴ ባትሆኚ ልጄ ትሆኚ ነበር" ቢሏት፣ "እንኳን ልጅዎ አልሆንኩ! ልጅዎ ብሆን ኖሮ እኔም ጥዬዎት እሄድ ነበር" አለች። ቀልዱ አልፎ ሄደባት። ያን ቀን እግራቸውን ስታጥብ ከወትሮው ረዘም አድርጋ አሸቻቸው። ወንድሟ ስንት ጊዜ፣ "ገና ልጅ ነሽ፤ እርምሽን አውጪና ወደ ቤትሽ ነይ" ብሏታል። እርም ማውጣት እኮ ሞቷል ብሎ አልቅሶ መጨረስ ነው። "የሚለቀስለት ሰው መሞቱን አምጣና አሳየኝ" ብላ ትመልሰዋለች።

የእማማን መርፌ የሚያስገኘው ከመንግሥት ለችግረኛ የሚሰጠው ድጎማ ነበር። ድጎማውን በሰፈሩ ቢሮ ይሰጡ የነበሩት ሽማግሌ አቶ ይታወቃል ይባላሉ፤ ስማቸው አይደለም፣ የወጣላቸው ነው። አንዱ ዕድሜውን አያውቀውም፣ "ይታወቃል" ይላሉ። አንዷ አባቷ ማን እንደሆነ ስትጠየቅ ታቀረቅራለች፣ "ይታወቃል ልጄ፣ ይታወቃል" ብለው ያልፏታል። ፍራሽ አዳሿ መጀመሪያ የሄደች ቀን፣ "ባልሽስ?" አሏት። ባል አለኝ እንዳትል የታለ? የለኝም እንዳትል ምላሷ አልታዘዝ አለ። አቶ ይታወቃል ቀና ብለው አዩዋት፤ በቅጹ ክፍት ቦታ ላይም በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው "ይታወቃል" ብለው ጻፉበት። ከዚያ ወዲህ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሲኖሩ ሲስተም መጣ። ድጎማ ከእንግዲህ በእጅ አይሰጥም፣ በስልክ ነው የሚገባው ተባለ። ሁሉም አካባቢ ባንዴ አይገባም፣ በዙር በዙር ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ከድልድዩ ማዶ፣ በሁለተኛው ገበያው አካባቢ፣ በሦስተኛው እነሱ። ከድልድዩ ማዶ የመጣው ወሬ ደስ ይል ነበር፤ ውሸትም አልነበረበትም። ሰልፍ ቀረ፣ ደጅ ጥናት ቀረ፣ "ነገ ተመለሱ" ቀረ። ባለሱቋ እንኳ፣ "የሰው ፊት እሳት ነው፤ ሲስተም ፊት የለው፣ ምን ያቃጥላል?" አለች። ከገበያው የመጣው ወሬ ደግሞ ጠቆር አለ። እከሊት አልገባላትም፣ እከሌን አላውቅህም አለው፤ ለማን እንደሚጮህ አይታወቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

አቶ ይታወቃል ቢሯቸውን ያስረከቡ ዕለት ወደ ቆርቆሮው ጥላ መጡ። ብናኙን በእጃቸው እያራገቡ ቆሙ።

"ልጄ፣ እኔ እንግዲህ ጡረታዬን ይዤ ተቀመጥኩ" አሏት። "ያ የኔ 'ይታወቃል' ማሽኑ ላይ አይጻፍም። አይቼዋለሁ። ሣጥን ሣጥን ነው ያለው፤ ከሣጥኖቹ አንዱን መንካት ነው።"

"ካልነካሁስ?"

"ዙሩ ሲዘጋ የእማማ ድጎማ ይቆማል።"

"መርፌውስ?"

"እሱም አብሮ ነው።" ከዚያ፣ "አስቢበት" ብለው ሄዱ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን አስቢበት ብለው አያውቁም፤ ስለ ሰው ራሳቸው ነበር የሚያስቡት።

ምዝገባው በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ነበር። ልጆቹ ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ሽማግሌዎችና እናቶች በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። መዝጋቢው ድምፁ የሻከረ፣ ሲናገር አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ ጨዋ ሰው ነበር። በመጨረሻው ሰሞን ነው የሄደችው፤ እስከዚያ ድረስ ፍራሽ በዛብኝ እያለች ስትሸሽ ቆይታ። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የእማማን ሕመም ታብሌቱ ላይ ሞላ። ከዚያ ከምትሸሻት ጥያቄ ደረሰ።

"የጋብቻ ሁኔታ?"

"ባሌ ሩቅ ነው።"

"ያገባች" አለና ነካው። ታብሌቱን አየት አድርጎ፣ "የባለቤትሽን የጣት አሻራ ይጠይቃል። መቼ መምጣት ይችላሉ?"

"እሱ ቢመጣማ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?"

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፣ መዝጋቢውም አልሳቀ።

"እሺ… ተፋታችኋል?"

"ማን? እኔና እሱ?"

"እንደሱ ከሆነ የፍርድ ቤት ወረቀት ያስፈልጋል። ደግሞ ከተፋታችሁ እሳቸው ቤተሰብሽ አይደሉም። ብቻቸውን ይመዘገቡና ጧሪ የላቸውም ይላል፤ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ነው የሚመራቸው።"

"ማን ነው ቤተሰብሽ አይደሉም የሚለኝ?"

"ሲስተሙ።"

"እንግዲያው ማታ ማታ መጥቶ እግራቸውን ይጠብላቸዋ!"

መዝጋቢው አንገቱን ደፋ። የሱ ጥፋት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ግን የሚቆጡት ሰው ሲጠፋ ያለው ሰው ነው የሚቆጣበት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አላገባሁም ብልህስ?" አለችው።

"የድሮው መዝገብ እሳቸውን አማትሽ ናቸው ይላል፣ ይጋጫል።"

"ታዲያ ምን ቀረ?"

መዝጋቢው ታብሌቱን ወደሷ አዞረውና ሰው እንዳይሰማ ዝግ ብሎ፣ "ባል የሞተባት" አለ። "ይሄ ሦስት ምስክር ብቻ ነው የሚፈልገው። ብዙ ዓመት ድምፁ ካልተሰማ ይቀበለዋል። ግን እህቴ፣ ነገ ዙሩ ይዘጋል።"

"ሌላ ሣጥን የለም? እየጠበቀች ነው የሚል?"

ሰውየው፣ እግዜር ይስጠው፣ የሌለ መሆኑን እያወቀ ከላይ እስከ ታች ፈለገላት። "የለም" አለ በመጨረሻ። "በሚቀጥለው ዙር ይጨምሩት ይሆናል።"

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ባለሱቋና ከግቢያቸው በር ላይ የሚሠራው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ተጠርተው መጡ፤ ሦስተኛው አቶ ይታወቃል ነበሩ። እርስ በርስ አልተያዩም። መዝጋቢው፣ "ሰውየው መሞታቸውን ታውቃላችሁ?" ሲል ባለሱቋ አዎ አለች፣ ቀጥቃጩ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ይታወቃል ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "አላውቅም፤ እመሰክራለሁ ግን" አሉ። መዝጋቢውም የሰማውን ትቶ የሚያስፈልገውን ጻፈ።

"አውራ ጣትሽን እዚህ ጋ።"

ስንቱ ሰው በዚያ ክፍል ጣቱን እየጠረገ፣ እያሸ፣ እየደጋገመ ሲለፋ አይታለች። መርፌ ያደነደነው የሷ አውራ ጣት አሻራው ያን ያህል አይታይም፤ ማሽኑ እምቢ እንዲላት በልቧ ለምናለች። በመጀመሪያው ተቀበላት። አረንጓዴ መብራት በራ፣ አለቀ።

"ስልክ ቁጥር?" አላት። ያንኑ ቁጥር ሰጠችው፤ ሌላ የላትም።

"መልእክት በጽሑፍ ይምጣ በድምፅ?"

"በድምፅ ይሁን። እማማ አያዩም፤ ገንዘባቸው ሲገባ ራሳቸው ይስሙት።" ደስ ይላቸዋል ብላ ነው። የነገሩ ሁሉ መጥፎው፣ ይህችን ብቻ ከልቧ አስባ፣ በደግነት መናገሯ ነው።

ቤት ስትገባ እማማ በሩ ላይ ነበሩ።

"ምን ምን ጠየቁሽ?"

"ስም፣ ዕድሜ፣ ጣት።"

"ስለ ልጄስ?"

"ይታወቃል አልኳቸው።"

"ጎሽ!" አሉ እማማ፤ ከልባቸው ኮርተው። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ምድጃው ዞረች። በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ባለሱቋ "ያጽናሽ" ልትል አፏን ከፈተችና "ያ… ያ የትናንት ዳቦ ነው፣ ከዚህኛው ውሰጂ" አለቻት። ቀጥቃጩ ስታልፍ መዶሻውን አቆመ። ሦስቱም ምስክሮች ሐዘንተኛ ነሽ የሚሉ ዓይኖች ሆኑባት፤ በሌላ መንገድ ዞራ መሄድ ጀመረች።

ስልኩ የጮኸው ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። እሷ በቆርቆሮው ጥላ ሥር የሰው ፍራሽ ዘርግታ ትመታለች። ዘንጎቿን አየር ላይ አቆመች፤ በዚያ ቤት ስልክ ሲጮህ ሁልጊዜም ልቧ እንዲህ ስንጥቅ ይላል።

"የኔ ጌታ?" ሲሉ ሰማች።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ፣ "እህ? ማነሽ አንቺ?" አሉ። ደግሞ ዝምታ። "ማን? ማን አልሽ?" ቀጥሎ የሰማችው ጩኸት አልነበረም፤ ጩኸት ቢሆን ይሻል ነበር። እማማ ቀስ ብለው፣ እንግዳ እንደሚያነጋግር ሰው በትሕትና፣ "እሺ እመቤት፣ የት ነው የቀበራችሁት?" ሲሉ ነው የሰማችው።

ዘንጎቹን ጥላ ገባች። እማማ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው በአውራ ጣታቸው አንዷን ቁልፍ ዳበሱ፣ ተጫኑ፣ መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ደም የሚባል የለም።

"መጣሽ?" አሉ ኮቴዋን ሰምተው። "ነይ እስቲ አንቺ ጠይቂያት። የተማረች ሴት ናት፣ ጨዋ ናት፣ አዝናለሁም ብላኛለች። ልጄ ሞቷል ነው የምትለው። የት ነው የተቀበረው ስላት ግን ለመድገም አንድን ይጫኑ ትላለች። ስጫን ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ምናልባት የኔን አነጋገር አልሰማችው ይሆናል።"

ስልኩን ተቀበለቻቸው። የሴት ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል፦ "ክቡር ተጠቃሚ፣ በልጅዎ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። ሞቱ ተመዝግቧል። ድጎማዎ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። መልእክቱን ለመድገም አንድን ይጫኑ።" እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ዘጋችውና እግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጥጡ በላይዋ እንዳለ ነው።

ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበራት። አዎ ሞቷል፣ ሬሳው አልተገኘም ብላ ማልቀስ፤ አሮጊቷም አልቅሰው፣ ሰውም መጥቶ አጽናንቶ፣ ነገሩ ሊያበቃ። ወይም እውነቱን መናገር። ስንት ዓመት የሰው ገመና ሆዷ ውስጥ ይዛ የኖረች ሴት ይህችን ግን መያዝ አቃታት። እማማ ያላዩትን መቃብር በዓይናቸው ጨለማ ሲፈልጉ ማየት አንጀቷን በላት።

"እማማ፣ ሴትዮዋ የምታውቀው ነገር የለም።"

"እንዴት የላትም? ሞቷል ትላለች እኮ።"

"እኔ ነኝ ያልኩት። ለምዝገባው ነው። ሣጥን ምረጪ አሉኝ፤ ሌላ የሚሆን ሣጥን አልነበረም። መርፌዎ እንዳይቆም ብዬ፣ ሞቷል አልኩ።"

አጎንብሳ እርግማኑን ጠበቀች። ቢመቷትም ደግ አደረጉ ነበር የምትለው። እማማ እጃቸውን ሰደዱ፣ አናቷን አገኙ፣ ጥጡን ከጠጉሯ ላይ ዳበሱ።

"ከማን ሰማሽ?"

"ከማንም።"

"ሰው መጥቶ ነገረሽ? ከዚያ አገር? አትደብቂኝ።"

"ማንም አልመጣም።"

"እኔ ልሙት?"

"እርስዎ ይሙቱ፣ ማንም አልነገረኝም።"

እማማ ትንፋሻቸውን ለቀቁት። መጀመሪያ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ፊታቸው ሁሉ እንደ አዲስ በራ።

"እንግዲያው አልሞተማ!" አሉ። "አንቺ እብድ! ልቤን አውልቀሽው ነበር እኮ! አልሞተም፣ ልጄ ደህና ነዋ!" ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ፤ እንባቸው በሳቁ ላይ ይወርዳል። "ቆይ ይምጣ ብቻ፣ እነግርብሻለሁ። ሚስትህ ለኔ መርፌ ብላ ገደለችህ እለዋለሁ! ውይ የሱ ሳቅ! ያኔ ሳቁን ስሚው!"

እሷም ሳቀች። በአፏ ሳቀች። እማማ አሁንም አናቷን እያሻሹ፣ "ለመሆኑ ጣትሽ እንዴት እሺ አለሽ? አልተንቀጠቀጠም?" አሏት እንደ ቀልድ።

"ተንቀጠቀጠ እንጂ" አለች።

አልተንቀጠቀጠም ነበር። ይህን ያወቀችው ሲጠይቋት ነው። ያን አረንጓዴ መብራት ስታይ፣ ከፍርሃቱና ከእፍረቱ ሥር፣ ውሸት ተናገርኩ የሚል ነገር ሆዷ ውስጥ ፈልጋ አጥታለች። እማማ ልጃቸውን መልሰው አገኙት፤ የሷ ባል ግን አልተመለሰም። መቼ እንደሞተባት አታውቅም። ምናልባት ያ የተራራው ወሬ የመጣ ቀን ነው፣ ምናልባት አንሶላ በቀየረች ቁጥር ትንሽ ትንሽ። ብቻ ሞቷል። ሴትዮዋ በስልክ ሐዘናችንን እንገልጻለን ያለችው በዚህ ዓለም ላይ ለሷ የደረሳት ብቸኛ ማጽናኛ ነበር፤ እሱንም ዘግታዋለች።

ድጎማው፣ ሐቁን እንናገር፣ አንድ ጊዜ ሳይዘገይ ገባ። መርፌው አልተቋረጠም። በገባ ቁጥር ያችው ሴት እየደወለች ትናገራለች፣ እማማም "የኔ ጌታ?" ብለው ያነሱና "አ፣ አንቺ ነሽ? ደህና ነሽ ወይ?" ይሏታል። "ያን ጊዜ ስለ ልጄ ያልሽውን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ተሳስተሽ ነው" ብለዋታልም አንዴ። ፍራሽ አዳሿ ከጥላዋ ሥር ይህንን ትሰማለች። እርሟን ማውጣት ነበረባት፤ ግን የት ሄዳ? እሳቸው እየጠበቁ እሷ በዚያው ቤት እንዴት ታለቅሳለች? ጎረቤት ሊያጽናናት ቢመጣ የሚገባው በእማማ በር ነው።

አንድ ቀን ምሳ ከበሉ በኋላ እማማ ጋደም ሲሉ የራሷን ፍራሽ ጎትታ ወደ ግቢው አወጣችው። ባለሱቋ ከመስኮቷ አየች። ፍራሽ አዳሿ ስፌቱን ተረተረች፣ በእሱ ወገን ጀምራ። ጉድጓዱ እንዳለ የሚታየው ልብሱ እስካለ ነው እንጂ ከተገለጠ በኋላ ጥጥ ጥጥ ነው። አውጥታ ሳንቃው ላይ ስታፈሰው ከራሷ ወገን ጋር ተቀላቀለባት፤ የቱ የሱ፣ የቱ የሷ እንደሆነ መለየት አቃታት። ያን ጊዜ ነው ስንት ዓመት የያዘችው ሁሉ የወጣው። ዘንጎቹን አነሳችና መታች። ስትመታ ድምፁ ያይላልና የሷ ለቅሶ አይሰማም። ነጭ በሆነው ፊቷ ላይ እንባው መንገድ እየሠራ ይወርዳል። ቀጥቃጩ በሩ ላይ ብቅ ብሎ አያት፤ ያን ቀን አርጅተሽ ዋልሽ ያላት ሰው የለም። መዶሻውን አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀና እዚያው ቆመ። ባለሱቋም ሱቋን ትታ ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

ድምፁ የቀሰቀሳቸው እማማ ግድግዳውን እየዳበሱ መጥተው በሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"የማን ፍራሽ ነው እንዲህ የምትደበድቢው?"

ዘንጓን አቆመች። ፊቷን በክንዷ ጠረገች።

"የአንድ ሰውዬ ነው እማማ።"

"ደንድኗል ማለት ነው። ከሩቅ ይሰማል።"

"አዎ፣ ብዙ ቆይቷል።"

"እንግዲያው አደራ፣ በደንብ ምቺለት። መንገድ ላይ የሚውል ሰው ይሆናል፤ ሲገባ ወገቡን ያሳርፍበት።"

"እሺ እማማ" አለች፣ ዘንጎቹንም እንደገና አነሳች። እማማ ስልኩን ጉያቸው ውስጥ አስተካክለው ፊታቸውን ወደ ግቢው በር አዞሩ።